በእጅ የተሰፋ ልብስ ዋጋው እንዴት ይታሰባል?
ለልብስ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

በእጅ የተሰፋ ልብስ በሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ያየ ገዢ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣው ምን ቢኖረው ነው?» ብሎ ነው። ባለሱቁ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ከሌለው ከሁለት ነገር አንዱ ይደርስበታል፤ ወይም ገዢው ትቶት ይሄዳል፥ ወይም ባለሱቁ ራሱ ዋጋውን እየሰበረ ይሸጣል። ዋጋውን በሰበረም ጊዜ ጉዳቱ በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ በሚቀጥለው ግዢ ያንኑ ቅናሽ ከልብስ ሰፊዋ ይጠይቃል፥ እርሷም ቅናሹ ከምን ላይ እንደሚወጣ ሳታሰላ ትስማማለች። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን የእጅ ስፌት ዋጋ ከምን ከምን እንደሚጠራቀም በውጭ አገር በተፈተነ አንድ ምሳሌ እንመረምራለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ የምሳሌው ታሪክ

ምሳሌያችን በአሜሪካ፥ በአላባማ ግዛት፥ በፍሎረንስ ከተማ የተቋቋመው አላባማ ቻኒን የተባለው የልብስ ሥራ ቤት ነው። መሥራችዋ ወይዘሮ ናታሊ ቻኒን የዚያው አገር ተወላጅ ሲሆኑ፥ የንድፍ ትምህርት ከተማሩ በኋላ በኒው ዮርክና በቪየና በልብስ ሥራ ላይ ለብዙ ዓመታት ቆይተዋል። በ2000 ገደማ በኒው ዮርክ ሳሉ ያገለገሉ ካናቴራዎችን ቆርጠው እንደ ገና በእጃቸው በመስፋት አንድ ልብስ ሠሩ፤ ያዩትም ሰዎች ወደዱት። በብዛት ለማሠራት ወደ ከተማው የልብስ ፋብሪካዎች ቢሄዱ ግን ሥራውን የሚቀበላቸው አላገኙም። ያን ጊዜ ልብሱ የተሰፋበት ዘዴ፥ በትውልድ አገራቸው ያሉ ሴቶች ቁርጥራጭ ጨርቅ ደራርበው ብርድ ልብስ የሚሰፉበት ዘዴ መሆኑን ተገነዘቡ። ስለዚህ ወደ አገራቸው ተመልሰው በአካባቢው ጋዜጣ ማስታወቂያ አወጡ፤ መርፌ የለመዱ ሴቶችንም ሰብስበው በ200 ካናቴራ ሥራውን ጀመሩ። በ2006 የመጀመሪያው ሽርክና በፈረሰ ጊዜ ዛሬ በሚታወቅበት ስም አዲሱን ድርጅት አቋቋሙ።

ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ፍሎረንስና አካባቢዋ ቀድሞ በካናቴራ ፋብሪካ የታወቁ ነበሩ። በ1994 የሰሜን አሜሪካ የነጻ ንግድ ስምምነት ከጸና በኋላ ግን የስፌቱ ሥራ ደመወዝ ወደሚያንስበት አገር እየሄደ፥ ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ፤ ብዙ ሠራተኞችም ከሥራ ወጡ። ወይዘሮ ቻኒን በዚህ አገር ላይ በርካሽነት የሚወዳደር ሌላ ፋብሪካ ቢያቆሙ ኖሮ መጨረሻው ያው በሆነ ነበር። እርሳቸው ግን ፋብሪካ በቀላሉ የማይሠራውን ሥራ መርጠው፥ የሚያስከፍለውን ዋጋ ሳይሸማቀቁ ጠየቁ። ልብሶቻቸው እንደ ሥራቸው ብዛት ከመቶዎች እስከ ብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣሉ።

2ኛ፤ ሥራው እንዴት ይከፈላል?

ልብሱ የሚሠራው ከቀጭን የጥጥ ካናቴራ ጨርቅ ነው። በሥራ ቤቱ ውስጥ ንድፉ ይወጣል፥ ጨርቁ በልክ ይቆረጣል፥ አበባና ቅጠል ተቀዶ በወጣበት ወፍራም ሉሕ ላይ ቀለም ተነፍቶ ሥዕሉ በጨርቁ ላይ ይታተማል። ከዚህ በኋላ ያለው የመርፌ ሥራ ወደ ሴቶቹ ቤት ይሄዳል። ሥራውን የምትወስደው ሴት እንደ ደመወዝተኛ ሳይሆን እንደ ነጋዴ ትታያለች፤ ይኸውም የተቆረጠውን ጨርቅ ከነክሩ ገዝታ ትወስድና፥ ሰፍታ ስትጨርስ ልብሱን መልሳ ለድርጅቱ ትሸጣለች። በተጨረሰውም ልብስ ላይ ቁጥርና የሰፊዋ ፊርማ ይኖርበታል።

ስፌቱ እንዲህ ነው። ሁለት ጨርቅ ይደረብና በታተመው ሥዕል ዙሪያ በተራ የእጅ ስፌት ይሰፋል፤ ከዚያ በስፌቱ ውስጥ ያለው የላይኛው ጨርቅ ብቻ፥ ከስፌቱ 3 ሚሊሜትር ያህል ገባ ተብሎ፥ በትንሽ መቀስ ይቆረጣል። በዚህ ጊዜ የታችኛው ጨርቅ ቀለም ብቅ ብሎ አበባውን ያወጣዋል። ክሩ ወፍራምና ጠንካራ፥ ድርብ የሆነ ነው። ሴቶቹ መስፋት ከመጀመራቸው በፊት ድርቡን ክር በጣታቸው መካከል ደጋግመው ይስቡታል፤ ይህም ክሩ ሲፈተል ያደረበት ጥምዘዛ እንዲላላና በሥራ ላይ እንዳይቋጠር ያደርገዋል።

ይህን ሁሉ በዝርዝር የጻፍነው ባለሱቁ ልብስ ሰፊ እንዲሆን ብለን አይደለም። ለገዢው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ከዚህ ስለ ሆነ ነው። «በእጅ የተሠራ ነው» ማለት ብቻውን አያሳምንም፤ «ይህ አበባ በመጀመሪያ ተሰፋ፥ ቀጥሎ እያንዳንዱ ቅጠል በመቀስ ተቆረጠ፥ የሰፊዋም ፊርማ ይኸው» ማለት ግን ያሳምናል።

3ኛ፤ ሒሳቡ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከዚህ በታች ያለው ቁጥር ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰደ ነው፤ አንባቢ በየገበያው ባለው ዋጋ ይለውጠው። አንድ በእጅ የሚጠለፍ ቀሚስ 40 ሰዓት ይፈጃል እንበል።

ጨርቅ፤ 1,200 ብር።
ክርና አዝራር፤ 150 ብር።
የንድፍና የቆረጣ ድርሻ፤ 400 ብር።
የቤት ኪራይ፥ የመብራትና የማመላለሻ ድርሻ፤ 350 ብር።
የ40 ሰዓት እጅ ሥራ፥ ሰዓቱ በ60 ብር፤ 2,400 ብር።
ድምር፤ 4,500 ብር።
የንድፍ አውጪዋ ትርፍ፥ ከመቶ 20፤ 900 ብር።
ለባለሱቅ የሚሸጥበት ዋጋ፤ 5,400 ብር።

ባለሱቁ በበኩሉ ለኪራዩ፥ ለሠራተኛውና ለትርፉ ከመቶ 40 ቢጨምርበት፥ ግብርን ሳይጨምር በ7,560 ብር ይሸጠዋል።

እንግዲህ ባለሱቁ «1,500 ብር ቀንሺልኝ» ብሎ በ3,900 ብር ወሰደ እንበል። ቅናሹ ከየት ወጣ? የጨርቅ ሻጩ አንድ ብር አልቀነሰም፤ ክሩም፥ ኪራዩም አልቀነሰም። በመጀመሪያ የንድፍ አውጪዋ ትርፍ 900 ብር ሙሉ በሙሉ ጠፋ። የቀረው 600 ብር የሚወጣው ከእጅ ሥራው ላይ ነው፤ 2,400 የነበረው 1,800 ሆነ፥ የአንዱም ሰዓት ዋጋ ከ60 ወደ 45 ብር ወረደ። ስለዚህ በእጅ በሚሠራ ልብስ ላይ ቅናሽ የሚወጣው ከጨርቁ ሳይሆን ከሰው ሰዓት መሆኑን እንረዳለን። የትምህርታችን ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ውጤቱም ወዲያውኑ ለባለሱቁ ይመለሳል። ሰዓቷ የረከሰባት ሰፊ በ40 ሰዓት የምትሠራውን በ30 ሰዓት ለመጨረስ ትገደዳለች፤ ስፌቱ ይራራቃል፥ ቋጠሮው ይላላል፥ ልብሱም ከሁለተኛው እጥበት በኋላ ይተረተራል። ገዢው ልብሱን ይዞ የሚመጣው ወደ ሰፊዋ ሳይሆን ወደ ሱቁ ነው።

ዋጋው ለገዢው የከበደ ሆኖ ከታየ ትክክለኛው መንገድ ሥራውን መቀነስ ነው። ጥልፉ በአንገትና በእጅጌ ላይ ብቻ ይሁን ተብሎ 40 ሰዓቱ ወደ 20 ቢወርድ፥ ሌላው ወጪ ሳይነካ ድምሩ 3,300 ብር፥ ከመቶ 20 ትርፍ ጋር 3,960 ብር ይሆናል። ባለሱቁ የፈለገውን ዋጋ ለማግኘት ይቀራረባል፤ የሰፊዋም ሰዓት በ60 ብር እንደ ጸና ይቀራል።

4ኛ፤ ትእዛዝና ቀጠሮ

የእጅ ሥራ እንደ ፋብሪካ ዕቃ ከመጋዘን አይወጣም። አንድ ባለሱቅ ከላይ የተባለውን ዐይነት 30 ቀሚስ ለትንሣኤ ቢያዝ፥ ሥራው 1,200 ሰዓት ነው። አምስት ሴቶች በየቀኑ 4 ሰዓት ቢሰፉ በቀን 20 ሰዓት ይሆናል፤ ስለዚህ 60 የሥራ ቀን ያስፈልጋል። በሳምንት 6 ቀን ቢሠራ 10 ሳምንት ማለት ነው። ዐቢይ ጾም 8 ሳምንት ያህል ስለ ሆነ፥ ትእዛዙ ጾሙ ከመግባቱ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ መሰጠት አለበት፤ የበዓላቱም ቀን ሲታሰብ ከዚያም ይቀድማል። በሆሣዕና ሰሞን መጥቶ «ቶሎ አድርሱልኝ» የሚል ነጋዴ የሚያገኘው በችኮላ የተሰፋ ልብስ ብቻ ነው።

ከትእዛዙም ጋር ጨርቁን የሚሸፍን ቀብድ መክፈል ይገባል። ንድፍ አውጪዋ መነሻ ገንዘቧ ጥቂት ስለ ሆነ፥ የ30 ቀሚስ ጨርቅ በብድር ከገዛች ወለዱ ተመልሶ በልብሱ ዋጋ ላይ ይወድቃል። «ሲሸጥ እከፍላለሁ» የሚለው ውል ለፋብሪካ ዕቃ ቢመችም፥ ሰዓቷን አስቀድማ ለጨረሰች ሰፊ ግን ከባድ ነው።

5ኛ፤ ምስጢርን ስለ መግለጽ

ወይዘሮ ቻኒን ብዙ ነጋዴ የሚፈራውን አንድ ነገር አድርገዋል። በ2008 ባሳተሙት በመጀመሪያው መጽሐፋቸውና ከዚያም በተከተሉት መጻሕፍት ዘዴውን ከነልኩና ከነሥዕሉ ለሁሉ ገለጡ፤ ልብሱን ለመግዛት ዐቅም የሌለው ሰው ራሱ እንዲሰፋውም የተቆረጠ ጨርቅና ክር አንድ ላይ አሽገው መሸጥ፥ ስፌቱንም ማስተማር ጀመሩ። ይህ ገበያቸውን አላጠፋባቸውም፤ ሌላ የገቢ መንገድ ሆናቸው እንጂ። ምክንያቱም አንድ ልብስ በእጁ ለመስፋት የሞከረ ሰው ሥራው ምን ያህል ሰዓት እንደሚፈጅ በጣቱ ስለሚያውቀው፥ ከዚያ ወዲያ «ለምን ተወደደ?» ብሎ አይጠይቅም።

6ኛ፤ በአገራችን ገበያ

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሸማ ልብስ ከጥንት ጀምሮ በብዙ እጅ ተከፋፍሎ የሚሠራ ነው፤ ሴቶች ይፈትላሉ፥ ሸማኔው ይሸምናል፥ ጠላፊውና ልብስ ሰፊው ይጨርሱታል። ሊያ ከበደ በ2007 የመሠረተችው ለምለም የተባለው ድርጅትም በአዲስ አበባ ሸማኔዎች የተሠራ ልብስ ወደ ውጭ ገበያ በማቅረብ፥ የእጅ ሥራ በተገቢው ዋጋ ገዢ እንደሚያገኝ አሳይቷል። በሌላ በኩል የጥለትና የጥልፍ መልክ በፋብሪካ ታትሞበት ከውጭ የሚገባው ጨርቅ በገበያችን ተስፋፍቷል። ይህን ጨርቅ መሸጥ ራሱን የቻለ ንግድ ነው፤ ነገር ግን ታትሞ የመጣውን «የእጅ ጥበብ» ብሎ መሸጥ ገዢውን ማታለል ከመሆኑም በላይ፥ የእውነተኛውን ዋጋ ያጠፋዋል። ሁለቱን የሚለይበት ቀላል መንገድ ልብሱን ገልብጦ ማየት ነው፤ የተሸመነ ጥለትና የተጠለፈ አበባ የክሩ ምልልስ ከበስተኋላው ይታያል፥ የታተመው ግን ጀርባው ደብዛዛ ወይም ባዶ ነው።

የአላባማውንም ዘዴ እንዳለ መቅዳት አይገባም። የካናቴራ ጨርቅ ሲቆረጥ ጠርዙ ይጠቀለላል እንጂ በቀላሉ አይተረተርም፤ የሸማ ጠርዝ ግን ካልተቀመቀመ ይተረተራል። ስለዚህ የቅምቀማው ሰዓት በሒሳቡ ውስጥ ይግባ። እንዲሁም የእጅ ሸማ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚያጥር፥ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ። ላኪዎችም በዓለም አቀፉ የጉምሩክ መደብ የሹራብ ዐይነት ልብስ በምዕራፍ 61፥ በሽመና ጨርቅ የተሰፋ ልብስ በምዕራፍ 62 እንደሚመዘገብ አስታውሰው ሰነዳቸውን ያዘጋጁ።

በመጨረሻ የተማርነውን በአጭሩ እንሰብስብ። የእጅ ሥራ ልብስ የሚገዛ ነጋዴ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይያዝ፤ ሁለቱ ወገኖች የፈረሙበት ናሙና፥ ልብሱ የሚፈጀው ሰዓት፥ ልብሱ የሚደርስበት ቀን። ዋጋ ሲከብድበት ጥልፉን ያሳንስ እንጂ የሰዓቱን ዋጋ አይንካ። ሲሸጥም የሠሪዋን ስምና የፈጀባትን ሰዓት በትንሽ ወረቀት ጽፎ ከልብሱ ጋር ያንጠልጥል። በሱቁ ውስጥ ካለው የእጅ ሥራ አንዱን ዛሬ አንሥቶ «በዚህ ላይ ስንት ሰዓት አለ? የሰዓቱስ ዋጋ ስንት ደረሰ?» ብሎ ያስላ፤ ውጤቱ ከአንድ የቀን ሠራተኛ ምንዳ ያነሰ ሆኖ ካገኘው፥ ያ ልብስ የተሸጠው በሌላ ሰው ኪሳራ መሆኑን ይወቅ።