የሸማ ሥራ ታሪክ በዋድላና በላስታ ደጋ

ሰው በዚህ ዓለም ለመኖር ከሚያስፈልጉት ነገሮች ዋነኞቹ ምግብ፥ ልብስና ቤት ናቸው። የምግብን አመጣጥ የገበሬ ልጅ ሁሉ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያየዋል፤ እርሻው በደጁ ነውና። የልብስን አመጣጥ ግን ከሱቅ ከመገዛቱ በቀር የማያውቅ ልጅ ዛሬ ብዙ ነው። ስለዚህ ይህ ትምህርት የፋብሪካ ልብስ ከመምጣቱ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ሰው ምን ይለብስ እንደ ነበረ፥ ልብሱንም ማን በምን ድካም ያዘጋጅለት እንደ ነበረ ይገልጣል። ምሳሌውም የሚወሰደው ከኮንና ከአካባቢዋ፥ ይኸውም ከዋድላና ከላስታ ደጋ ነው።

1ኛ፤ የደጋው ችግርና ሁለቱ መልሶች

ኮን በሰሜን ወሎ የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የዋድላ ሜዳ ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ብርዳም አገር ነው። ከሰሜን በኩል ካሉት የላስታ ተራሮችም አንዱ አቡነ ዮሴፍ ከ4200 ሜትር በላይ ይወጣል። በእንዲህ ያለ አገር ገብስና ስንዴ፥ ባቄላና ምስር ይበቅላል፤ በግም ይረባል። ጥጥ ግን ሙቀት የሚወድ ተክል ስለ ሆነ በዚህ ከፍታ አይበቅልም። እንግዲህ ብርድ ስለሚጸናበት ከሁሉ ይልቅ ልብስ የሚያስፈልገው ሰው፥ የልብሱ ምንጭ በሩቅ ቆላ ሆኖበት ነበር።

ለዚህ ችግር ሁለት መልስ ተገኝቶለታል። የመጀመሪያው መልስ በጉ ራሱ ነው። የበግ ቆዳ ከነጠጕሩ ተለፍቶ እረኛውንና ገበሬውን ከብርድና ከዝናብ ያድነው ነበር፤ የቆሎ ተማሪም በደበሎው ይታወቃል። ከዚህም በቀር የወሎ ደጋ በግ ከላይኛው ጠጕሩ ሥር ለስላሳ የውስጥ ጠጕር አለው። ይህ ጠጕር ተሸልቶ፥ ታጥቦ፥ በደጋን ተነድፎና ተፈትሎ ሲሸመን ባናና ማቅ፥ በርኖስም ይሆናል። የበግ ጠጕር ቢረጥብም እንኳ ሙቀት መያዙን ስለማይተው፥ ለክረምት ጭጋግ ከጥጥ ይልቅ የሚስማማ ነው።

ሁለተኛው መልስ ንግድ ነው። የደጋው ሰው እህሉንና በጉን፥ ማሩንም ወደ ገበያ ያወጣል፤ የቆላውም ሰው ጥጡን ያመጣል። ዝቅ ካለው የተከዜ ሸለቆና ከሌሎችም ቆላዎች ጥጥ በአህያና በበቅሎ እየተጫነ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። በዚያው ዘመን ከአፋር በረሓ የሚቈረጠው አሞሌ ጨው በሰቈጣ በኩል እያለፈ ገንዘብ ሆኖ ይገበያዩበት ነበር። ስለዚህ በዋድላ ደጋ አንድ ሰው ጋቢ ለብሶ ሲታይ፥ ያ ጋቢ ከመሸመኑ አስቀድሞ የብዙ ቀን ጎዳና የተጓዘ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

2ኛ፤ የጥጥ ልብስ ጥንታዊነት

ጥጥ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የአክሱም ንጉሥ ዒዛና ወደ ኖባ አገር ስለ ዘመተው ዘመቻ በድንጋይ ላይ ባስጻፈው ጽሕፈት፥ እህልና ጥጥ የተከማቸባቸውን ቤቶች ሠራዊቱ እንዳጠፋ ተናግሯል። ከዚያም አስቀድሞ በ1ኛው መቶ ዓመት ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው መጽሐፍ፥ በአዱሊስ ወደብ ከግብፅና ከህንድ የመጣ ልብስ ይሸጥ እንደ ነበረ ይዘረዝራል። ከዚህ የሚታየው ነገር በአገር ውስጥ የሚሠራው ሸማና ከባሕር ማዶ የሚመጣው ልብስ ከጥንት ጀምሮ ጎን ለጎን መኖራቸው ነው።

ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቈየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ለአውሮፓ ሰዎች ጽፏል። እርሱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ከጎጃም ለንጉሡ ከሚገባው ግብር መካከል ከፈረስና ከበቅሎ፥ ከወርቅም ጋራ የጥጥ ልብስ ይገኝበታል። ሸማ እንግዲህ ገላ መሸፈኛ ብቻ አልነበረም፤ እንደ ገንዘብ ተቈጥሮ ለመንግሥት ይገባ ነበር።

3ኛ፤ ከጥጥ እስከ ጋቢ

ጥጥ ልብስ እስኪሆን ድረስ የሚያልፍበት ሥራ በቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

መዳመጥ። ጥጡ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተደርጎ በብረት ዘንግ ሲዳመጥ ፍሬው እየተፈለቀቀ ይወጣል።

መንደፍ። የተዳመጠው ጥጥ በደጋን ጅማት እየተመታ ይፍታታል፤ ያን ጊዜ ባዘቶ ይባላል። ባዘቶው ለእጅ እንዲመች ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል።

መፍተል። ፈታይዋ በአንድ እጇ አመልማሎውን ይዛ በሌላው እጇ እንዝርቷን ታሾራለች። እንዝርቱ ሲሾር ጥጡ እየተሳበና እየከረረ ክር ይሆናል። ሁለት ዓይነት ክር ያስፈልጋል። ድር የሚሆነው በዕቃው ላይ ተወጥሮ መጐተትን የሚችል ስለሆነ ጠንከር ብሎ መክረር አለበት፤ ማግ የሚሆነው ግን ለልብሱ ልስላሴና ሙቀት የሚሰጥ ስለሆነ ላላ ብሎ ይፈተላል። ይህን ለይታ የምታውቅ እናት ባለሙያ ትባላለች።

ማድራትና ማዳወር። ድሩ በመሬት ላይ በተተከሉ እንጨቶች እየተዞረ በልኩ ይዘረጋል፤ ማጉም ተዳውሮ በቀሰም ይጠቀለላል።

መሸመን። ሸማኔው በተቈፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰዳል። በእግሩ ሲረግጥ የድሩ እኩሌታ ወደ ላይ፥ እኩሌታው ወደ ታች ይሆናል፤ በመካከሉም ማግ የያዘውን መወርወሪያ ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እጁ ያሳልፋል። ከዚያ በኋላ ማጉን መትቶ ያጠብቀዋል። መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ስለሆነ የጨርቁ ስፋት ከሸማኔው ክንድ ሊያልፍ አይችልም። ጋቢና ቡሉኮ መካከላቸው ላይ ስፌት የሚገኝባቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጐን ለጐን ተሰፍተው ሰፉ እንጂ በአንድ ጊዜ አልተሸመኑም።

የተሸመነው እንደ ውፍረቱና እንደ እጥፉ ስም አለው። ነጠላና ኩታ ስስ ናቸው፤ ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ቡሉኮ ከሁሉ የከበደ ነው። ቀይ ጥለት ያለበት ጃኖ የማዕርግ ልብስ ነበር።

4ኛ፤ ብዙ እንዝርት ለአንድ መወርወሪያ

ስለ ሸማ ሲነገር ሁልጊዜ የሚነሣው ሸማኔው ነው። ነገር ግን ሥራው በጊዜ ቢመዘን ከሸማኔው ይልቅ የፈታዮቹ ድካም ይበልጣል። ሸማኔው በጥቂት ቀን ሠርቶ የሚጨርሰውን ፈትል አንዲት ሴት ለማዘጋጀት ብዙ ሳምንት ይፈጅባታል። ይህንንም የምትሠራው ፈጭታና ጋግራ፥ ውኃ ቀድታና ልጅ አጥብታ በተረፋት ጊዜ ነው። ፈትሉ ሲበቃ ቤተ ሰቡ ለሸማኔ ይሰጣል፤ ሸማኔውም ዋጋውን በእህል፥ በአሞሌ ወይም በብር ይቀበላል። ለእናቲቱ ግን ዋጋ የሚቈጥርላት አልነበረም።

ይህ ነገር በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነበር። በእንግሊዝ አገር ጆን ኬይ የሚባል ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1733 ዓመት መወርወሪያውን በገመድ እየሳቡ በፍጥነት የሚያሳልፉበትን ብልሃት ባወጣ ጊዜ፥ ሸማኔዎቹ እጅግ ስለ ፈጠኑ ፈታዮቹ ክር ሊያደርሱላቸው አልቻሉም። ስለዚህ በ1764 ገደማ ጄምስ ሃርግሪቭስ በአንድ ጊዜ ብዙ ክር የሚፈትል መኪና ሠራ፤ በ1785ም ኤድመንድ ካርትራይት በእጅ ፈንታ በመኪና ኀይል የሚሸምን ዕቃ አወጣ። የዛሬው የጨርቅ ፋብሪካ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። የመኪናው መነሻ እንግዲህ በዋድላ ቤት ውስጥ የነበረው ያው ችግር፥ ማለት የእንዝርት ማነስ ነበር።

5ኛ፤ ስለ ቀለም ክርና ስለ ሐር

የአገሩ ሸማ ነጭ ነው። ለጥለት የሚሆን ቀይና ሰማያዊ ክር ሲያስፈልግ ሸማኔዎች ከህንድና ከሌላም አገር የመጣ ባለቀለም ጨርቅ ገዝተው ክሩን አንድ በአንድ እየተረተሩ እንደገና በሸማው ጫፍ ይሸምኑት ነበር። ከዚህ ትዕግሥታቸውና የዓይናቸው ጥራት ይታወቃል።

በጎንደር መንግሥት ዘመን፥ በ18ኛው መቶ ዓመት እንደ ተሠሩ የሚታመኑ ቁመታቸው 5 ሜትር ያህል የሆነ የቤተ ክርስቲያን የሐር መጋረጃዎችም አሉ። ሐሩ ከውጭ አገር የመጣ ነው፤ ሥራው ግን በኢትዮጵያ ባለሙያዎች እጅ የተፈጸመ ነው። ከእነዚህ አንዱ በሎንዶን፥ አንዱም በካናዳ በቶሮንቶ ቤተ መዘክር ይገኛል። ሁለቱም ከአገር የወጡት የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. በዋድላ ደጋ አልፎ መቅደላን በያዘበት ዘመቻ ጊዜ ነው። ለወንጌል ቤት የተሸመነው ሐር ዛሬ በባሕር ማዶ ሰው ይደነቅበታል።

6ኛ፤ ልብሱ ተከብሮ ሠሪው መናቁ

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ሰው ነጭ ሸማ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፥ መስጊድ ይሄዳል፥ በሸማ ይዳራል፥ በሸማም ይገነዛል። ሸማውን የሠራው ሰው ግን በስድብ ስም ይጠራ ነበር። የዚህ ምክንያት አንዱ የመሬት ነገር ነው። በደጋው አገር ክብር የሚገኘው ከርስትና ከእርሻ ነበር። ከሸማኔዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች፥ በጎንደር በኩልም ቤተ እስራኤሎች ሲሆኑ፥ በብዙ ስፍራ ርስት ስለ ተከለከሉ በእጃቸው ሙያና በንግድ ይኖሩ ነበር። ርስት የሌለውን ሰው የሚንቅ አፍ ሙያውንም አብሮ ናቀ።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህን አይተው በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚሠራውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ የሚጽፈውንና የሚነግደውን በሙያው የሚሰድብ ሁሉ እንደሚቀጣ አስታወቁ፤ የሰው ሁሉ ዘር አንድ መሆኑንና ሥራን መናቅ አገርን ባለሙያ እንደሚያሳጣት አስረዱ። አዋጅ አፍን ይዘጋል፤ ልብን የሚለውጠው ግን ትምህርት ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ ለመምህራንና ለሽማግሎች የቀረ ነው።

7ኛ፤ የፋብሪካ ጨርቅ ከመጣ በኋላ

በ19ኛው መቶ ዓመት አቡጀዲ የሚባለው የውጭ አገር ጨርቅ በምጽዋ በኩል መግባት ጀመረ። ቀጥሎም ከውጭ አገር የተፈተለ ክር መጣ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ በድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ተተከለ፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በቻይና ርዳታ የተሠራው የወልድያና የወረታ መንገድ በኮን በኩል ካለፈ ወዲህ በሱቅ የሚሸጥ ልብስ ወደ ደጋው በቀላሉ ይወጣል።

ይህ ለውጥ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ ድኻው በርካሽ ዋጋ መልበሱና የእናቶች ድካም መቅለሉ ነው። ዛሬ ብዙ ሸማኔ ለድሩ የፋብሪካ ክር ይገዛል፤ በእጅ የሚፈተለው በአብዛኛው ማጉ ነው። ጉዳቱም የእንዝርትና የደጋን ሙያ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፉ እየቀረ መሄዱ ነው። ሸማኔው ገበያ ስላለው ሙያው ይቈያል፤ የበጉን ጠጕር ባና የሚያደርጉት እጆች ግን ካረፉ የሚተካቸው አይገኝም። መጽሐፍ ቢጠፋ ሌላ ቅጂ ሊገኝ ይችላል፤ የእጅ ሙያ ግን ባለቤቱ ሲሞት አብሮት ይቀበራል።

ለመምህሩ የተሰጠ ምክር

መምህሩ ለእያንዳንዱ ተማሪ ጥቂት ባዘቶ ይስጥ። ተማሪው መጀመሪያ ሳያከርረው ይሳበው፤ ወዲያው ይበጠሳል። ቀጥሎ በጣቶቹ አክርሮ ይሳበው፤ ያን ጊዜ ይጠነክርበታል። ደካማው ጭረት ከባልንጀራው ጋራ ሲከርር ኀይል ማግኘቱን በዓይኑ ካየ በኋላ፥ አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ስለ ምን እንደ ሆነ ይረዳል። ከመንደሩም ፈትል የሚያውቁ አንዲት አረጋዊት እናትና አንድ ሸማኔ በክብር ተጠርተው ለልጆቹ ያሳዩ። ልጆቹም የየዕቃውን ስም በመንደሩ አነጋገር በደብተራቸው ይጻፉ።

ጥያቄዎች።

1. ጥጥ በዋድላ ደጋ የማይበቅለው ስለ ምንድን ነው? የደጋው ሰው ይህን ችግር በምን በምን አቃለለው?

2. የድር ፈትልና የማግ ፈትል በምን ይለያያሉ?

3. ጋቢ በመካከሉ ስፌት ያለበት ስለ ምንድን ነው?

4. በአንድ ጋቢ ውስጥ የስንት ሰው እጅ እንዳለበት ከጥጥ ዘሪው እስከ ለባሹ ቈጥራችሁ ጻፉ። ከእነርሱም ዋጋ ሳይቈጠርለት የቀረው ማን ነበር?