የአያት ጨዋታ በአራቱ ወቅቶች

ጠቢቡ ሰሎሞን የሰውን ኑሮ በየጊዜው ከፍሎ ባስተማረበት ምዕራፍ፥ ልቅሶ ጊዜ እንዳለው ሁሉ ሣቅም የራሱ ጊዜ እንዳለው አስረድቶአል (መክ. 3፥4)። ብዙዎች ግን የልቅሶውን ጊዜ ሲያከብሩ የሣቁን ጊዜ እንደ በደል ያዩታል። ይልቁንም በዕድሜ የገፋ ሰው ሲሥቅና ሲያሥቅ ቢሰሙ፥ «ሽበት ካወጣ በኋላ ደግሞ ምን ጨዋታ አለው» ብለው ይነቅፋሉ። ይህ ነቀፋ እውነት ነውን? ወይስ የሽማግሌና የአሮጊት ጨዋታ ለቤተ ሰብ የሚሰጠው ጥቅም አለ? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ነው።

አስቀድመን ስለ ቃሉ እንናገር። በግእዝ «ሠሐቀ» ማለት ሣቀ ማለት ነው፤ የአባታችን የይስሐቅም ስም ከዚሁ ጋር የተዛመደ ነው። ስለዚህም ልጅ በተነገረው ታሪክ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሣቅ እናገኛለን። የመጀመሪያው፥ ሣራ ከእርጅና በኋላ መውለድ የማይሆን መስሎ ስለ ታያት በልቧ የሣቀችው የጥርጥር ሣቅ ነው (ዘፍ. 18፥12)። ሁለተኛው፥ ልጁን ታቅፋ የሣቀችው የምስጋና ሣቅ ነው (ዘፍ. 21፥6)። ሦስተኛው የአጋር ልጅ በይስሐቅ ላይ የሣቀው የዘበት ሣቅ ሲሆን፥ ይህ ሣቅ የአብርሃምን ቤት ለሁለት ከፈለ (ዘፍ. 21፥9)። እንግዲህ ሣቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ሐዋርያው ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ዋዛን ነቀፈ (ኤፌ. 5፥4)፤ ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ግን ንግግር ጨው ያስፈልገዋል ብሎ አስተማረ (ቈላ. 4፥6)። በአማርኛችንም ጨውና ጨዋታ በድምፅ መቀራረባቸው ይህን ትምህርት ለማስታወስ ይረዳናል።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ የአንዲትን አያት ነገር እናመጣለን። እኚህ እናት በልጅነታቸው ባላቸውን ተከትለው ከጎጃም ወደ ጂንካ የወረዱ፥ በዚያው ወልደው ልጅ ልጅ ያዩ ናቸው። ጂንካ ከአዲስ አበባ በአርባ ምንጭ በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፥ የአሪ ሕዝብ ምድር ከተማ ናት። በደቡብ ኦሞ ምድር 16 ነባር ብሔረሰቦች ይቈጠራሉና፥ በገበያዋ ቀን የሚሰማው ቋንቋ ብዙ ነው። የእናታችን ወንድ ልጅ ያገባው የአሪን ልጅ ስለሆነ፥ ቤታቸው ሁለት አያቶችና ሁለት ቋንቋዎች ያሉበት ቤት ሆኖአል። እኛም ለአገልግሎት በዚያ በቈየንበት ወራት ከቡናቸው እየጠጣን የነገሩንን ሰምተናል።

የቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት ዓመቱን በአራት ይከፍሉታል። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፥ ሐጋይ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፥ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፥ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ሦስቱ እያንዳንዳቸው 90 ቀን ሲኖራቸው፥ ክረምት ጳጉሜን ስለሚጨምር 95፥ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት 96 ቀን ይሆናል። ይህ አቈጣጠር በሰሜኑ ደጋ ካለው ሰማይ ጋር ይስማማል። በጂንካ ግን ታላቁ ዝናብ የሚዘንበው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ሁለተኛውም ዝናብ በመፀው ይመጣል። ስለዚህ እናታችን፥ «የጎጃም ዝናብ ቄስ ነው፥ ቀኑን ያውቃል፤ የጂንካ ዝናብ ግን እንግዳ ነው፥ ልብስ ባሰጣሁ ቀን ይመጣል» ይላሉ።

ከጂንካ ወደ ቆላው ሲወረድ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ክረምት ይመጣ የነበረው ከሰማይ ይልቅ በወንዝ ነው። በሩቅ ደጋ የዘነበው ዝናብ ኦሞን ሞልቶ ወደ ቱርካና ሐይቅ ሲወርድ ዳሩን ያጠጣ ነበር፤ ውኃው ሲሸሽም የዳሰነች፥ የካራና የኛንጋቶም ሰዎች በረጠበው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ግን የወንዙ አሞላል እንደ ቀድሞው አይደለም። አንባቢ ይህን የወንዝ ነገር በልቡ ይያዝልን፤ ከታች እናገኘዋለንና።

1ኛ/ መፀው

መፀው የጽጌ ወራት ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት ካህናቱ ማኅሌተ ጽጌን ሲቆሙ፥ በአሪ ምድር ደግሞ የቡናው ፍሬ ይቀላል። ለቀማው ሲጀመር ሁለቱ አያቶች አንድ ግቢ ይውላሉ። የጎጃሟ አያት ፍሬውን ቈልተው ወቅጠው በጀበና ያፈላሉ፤ የአሪዋ አያት ገለፈቱን በሸክላ አፍልተው ሸፈሮ የሚባለውን መጠጥ በቅል ይጠጣሉ። በመጀመሪያው ዓመት አንዳቸው የሌላቸውን ቡና ቀምሰው ፊታቸውን አጨፍግገው ነበር። ኋላ ግን እናታችን፥ «ከአንድ ቡና ሁለት ቤት መጠጣቱ በረከት ነው፤ እኔ ሥጋውን እወስዳለሁ፥ እርስዎ ካባውን ይውሰዱ» ቢሉ፥ የአሪዋ አያት፥ «እርስዎ እንቅልፍዎን ያጣሉ፥ እኔ ግን እተኛለሁ» ብለው መለሱላቸው። ከዚያ ወዲህ ሸፈሮና ቡና በአንድ ምድጃ ይፈላል።

ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ቤት የሚፈርሰው በምግብና በቋንቋ መናናቅ ነው። መጽሐፈ ሩትን ያነበበ ሰው ያስተውል። ሩት ሞዓባዊት ስትሆን ኑኃሚን የቤተ ልሔም ሴት ነበረች፤ ሆኖም ኢዮቤድ በተወለደ ጊዜ ሕፃኑን በብብቷ ያሳደገችው አያቱ ኑኃሚን ናት። ከዚያም ቤት ንጉሥ ዳዊት ወጣ። አያት ከባዕድ የመጣችውን ምራት ብትንቅ ኖሮ፥ የልጅ ልጇን በማን ብብት ታገኘው ነበር?

2ኛ/ ሐጋይ

ሐጋይ በጂንካ የደረቅ ወራት ነው። በአንድ ዓመት በዚህ ወራት በእናታችን ቤት ከሰማይ ዝናብ እንደ ጠፋ ከባልና ሚስት መካከልም ቃል ጠፋ። ምክንያቱም ይህ ነው። ታላቂቱ የልጅ ልጅ ፈተናዋን አልፋ በሰሜን ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ተመደበች። አባቷ፥ «በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረ ዩኒቨርሲቲ በደጃችን እያለ ልጄን ወደ ሩቅ አልሰድም፤ ምደባው ካልተለወጠ ትቅር» አለ። እናቷም፥ «ልጄ በደከመችበት ትሂድ» አለች። ክርክሩ ወደ ኩርፊያ ተለወጠ። በአንድ ማዕድ ተቀምጠው፥ «ለአባትህ ንገረው»፥ «ለእናትህ ንገራት» እያሉ የሰባት ዓመት ልጃቸውን መልእክተኛ አደረጉት። ሕፃኑም እንጀራውን ሳይበላ ሲያመላልስ ዋለ።

ሁለት ሳምንት ሲሆን እናታችን ሕፃኑን ወደ ውጭ ሰደዱት። በባልና በሚስቱም መካከል ዱካቸውን አስቀምጠው፥ «ከዛሬ ጀምሮ መልእክተኛው እኔ ነኝ፤ ነገር ግን ጆሮዬ ስለ ደከመ ጮኻችሁ ንገሩኝ» አሉ። ልጃቸውም፥ «ጨው ታቀብለኝ በያት» አለ። «አልሰማሁም!» አሉ። እንደገና ጮኸ። «ምን? በቅሎ ታቀብልህ?» አሉ። ሚስቲቱ ሣቋን መያዝ አልቻለችም፤ ባልም ሣቀ። ከሣቁም በኋላ ሁለቱ ቀጥታ መነጋገር ጀመሩ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፥ አስተውል። ሣቁ ክርክሩን አልፈረደም፤ ለፍርዱ በሩን ከፈተ እንጂ። እናታችን ከዚያ በኋላ ፊታቸውን አጽንተው ልጃቸውን እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፥ እኔ ከጎጃም ባልወርድ ኖሮ አንተን የት እወልድህ ነበር? እናቴ እያለቀሰች ሰደደችኝ፥ ሰደደችኝ ግን። የኦሞ ውኃ የሚዘንበው በሌላ አገር ነው፤ ደጋው ዝናቤን ለራሴ ላስቀር ቢል ኖሮ የዳሰነች ሰው ማሽላ በምን ያበቅል ነበር?»

ልጅቱም ሄደች። በሄደችበት ቀን እናታችን ስንቋን ሲቋጥሩ፥ «በሶውን ለጓደኞችሽ አካፍዪ፥ ምክሬን ግን ብቻሽን ብዪው» ብለው አሥቀው ሸኟት። መኪናው ከዓይን ከተሰወረ በኋላ ግን ከጓሮ እንሰት ሥር ተቀምጠው ብዙ ሰዓት አለቀሱ፤ ይህን የነገረችን ምራታቸው ናት። ስለዚህ የአያት ሣቅ ከኀዘን ማነስ የሚመጣ እንዳይመስለን። ልጅቱ የእርሳቸውን እንባ ስንቅ አድርጋ እንዳትሄድ በሣቅ ሸፈኑት።

3ኛ/ ጸደይ

ታላቁ ጾም በሐጋይ ተጀምሮ ፋሲካው በጸደይ ይውላል። በዚህ ወራት ጂንካ በዝናብ ትለመልማለች፥ ዶሮዎችም እንቁላል ያበዛሉ። ትንሹ ልጅ ዕንቁላሉን በየቀኑ እየቈጠረ፥ «እማማ፥ እኛ ስንጾም ዶሮዎቹ ለምን አይጾሙም?» ብሎ ጠየቀ። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ የእነርሱ መከራ የሚጀምረው እኛ ስንፈታ ነውና አሁን ደስ ይበላቸው» አሉት። ልጁ ሣቀ፥ ቈጠራውንም ተወ። በቍጣ ቢመልሱለት ጾምን የቍጣ ወራት አድርጎ በልቡ ይጽፈው ነበር።

ግንቦት 1 ቀን የልደታ ለማርያም በዓል ነው። በደጋው እንደ ልማዱ ሴቶች ንፍሮ ቀቅለው ከቤት ውጭ በዛፍ ጥላ ሥር ያከብሩታል። በጂንካም እናታችን ይህን ልማድ ይዘው በየዓመቱ ጎረቤቱን ይጠራሉ፤ ዝናቡም ሳይጠራ ይመጣል። «ንፍሮው አንድ ጊዜ በእሳት፥ አንድ ጊዜ በዝናብ ይቀቀላል» ይላሉ። ምራታቸው ወደ ቤት እንግባ ስትላቸው ግን፥ «ይህ የአያቶች በዓል ነው፤ አያት ደግሞ ከዝናብ አትሸሽም» ብለው ነጠላቸውን በልጆቹ ላይ ይዘረጋሉ። ነገሩ ጨዋታ ቢመስልም ትምህርት አለበት፤ እመቤታችንን የወለደች ቅድስት ሐና ለጌታችን በሥጋ አያቱ ናትና። ሐዋርያው ጳውሎስም የጢሞቴዎስን እምነት ሲያመሰግን ከእናቱ ከኤውንቄ አስቀድሞ የጠራው አያቱን ሎይድን ነው (2ጢሞ. 1፥5)። ከመምህር በፊት እናት፥ ከእናትም በፊት አያት እንዳስተማረች ከዚህ እንረዳለን።

4ኛ/ ክረምት

በክረምት፥ በነሐሴ ፀሐይ በሚወጣበት ቀን፥ እናታችን ከሣጥናቸው ነጭ በፍታ አውጥተው ያሰጣሉ። ይህ ለራሳቸው ያዘጋጁት መግነዝ ነው። ታናሺቱ የልጅ ልጅ፥ «ይህ የማን ልብስ ነው?» ብትላቸው፥ «የመንገድ ልብሴ ነው፤ ጕዞው ገና አልተቈረጠም፥ ነገር ግን ብል ቀድሞኝ እንዳይለብሰው አሰጣዋለሁ» አሏት። ልጅቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ብል እንዳይገባበት በሣጥኑ ላይ ጠባቂ ሆነች።

አንዳንዶች ሞትን ለሕፃን መንገር ጭካኔ ነው ይላሉ። እኛ ግን ከዚህ የምናየው፥ ጊዜው በደረሰ ቀን ያቺ ልጅ ሞትን እንደ ሌባ እንደማትቈጥረው ነው። አያቷ ሳይፈሩ የጠሩትን ስም እርሷም ሳትፈራ ትጠራዋለች።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው

እንግዲህ ከላይ የጠየቅነውን እንመልስ። የሚያንጽ ጨዋታ በሦስት ነገር ከዋዛና ከዘበት ይለያል። በመጀመሪያ፥ የሚያሥቀው ሰው ከሁሉ በፊት በራሱ ይሥቃል፤ እናታችን የሣቁት በገዛ ጆሯቸው፥ በገዛ ልብሳቸው፥ በገዛ መግነዛቸው ነው እንጂ በምራታቸው ወገን አይደለም። ሁለተኛ፥ የተጣላን ያቀራርባል እንጂ አይከፍልም። ሦስተኛ፥ እውነቱን አይሸሽግም፤ ከሣቁ በኋላ ሊነገር የሚገባውን ቃል ሳይፈራ ይናገራል። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉበት ግን፥ የሚናገረው ሽበት ያለው ቢሆንም ነገሩ ዋዛ ነው።

ልጆች ሆይ፥ አያቶቻችሁ ሲጫወቱ ተቀምጣችሁ ስሙ፤ በጨዋታቸው ውስጥ የሰጧችሁን ምክር የምታገኙት ምናልባት በሩቅ አገር፥ ብቻችሁን በሆናችሁ ቀን ነው። እናቶችና አባቶች ሆይ፥ በኩርፊያችሁ ሕፃናትን መልእክተኛ አታድርጉ። አያቶችም ሆይ፥ ሽበታችሁ ሣቅን አይከለክላችሁም፤ ሣራ በእርጅናዋ የሣቀችውን የምስጋና ሣቅ ለቤታችሁ አትንፈጉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።