ነገርን ከሥሩ፦ ስለ ወር አበባ ንጽሕና ጥናት ከመጀመራችን በፊት



የመመረቂያ ጽሑፍ ወራት ሲደርስ የወር አበባ ንጽሕና አጠባበቅን ለጥናት የምንመርጥ ተማሪዎች ጥቂቶች አይደለንም። አሳቡ የሚመሰገን ነው። ችግሩ ያለው ከአጀማመሩ ላይ ነው። መጠይቁ ተዘጋጅቶ፣ ተባዝቶና ታድሎ ካለቀ በኋላ ለምዕራፍ ሁለት መሙያ የሚሆን ጽሑፍ ፍለጋ ይጀመራል። ይህም ቤቱ ከቆመ በኋላ መሠረት እንደ መቆፈር ያለ ሥራ ነው።

ቀደምት ጽሑፎችን መመርመር፣ በትምህርት ቋንቋ ክለሳ ድርሳናት የሚባለው፣ ስለምን መቅደም እንዳለበት በአንድ ጥያቄ እንመልከት፤ ይኸውም «የወር አበባ ሴት ልጅን ከትምህርት ገበታ ያስቀራታልን?» የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ በ595 ሴት ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት አለ። ከተጠየቁት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በወር አበባቸው ጊዜ ከትምህርት መቅረታቸውን ተናግረዋል። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ነገሩ አለቀ ብሎ ብዕሩን ያነሣል። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ የኔፓል ጥናት ተማሪዎቹ በወር አበባ ምክንያት የሚያጡት ከ180 የትምህርት ቀናት ግማሽ ቀን እንኳ እንደማይሞላ ገልጿል።

ታዲያ ማን ተሳሳተ? ማንም አልተሳሳተም። የመጀመሪያው ቁጥር የሰዎች ቁጥር ነው፤ ምስክሩም የተማሪዎቹ ቃል ነው። ሁለተኛው ቁጥር የቀናት ቁጥር ነው፤ የትምህርት ቤት መዝገብም ታይቶበታል። «ከግማሽ በላይ ቀርተዋል» በሚለው ውስጥ አንድ ቀን ብቻ የቀረችውና በየወሩ ሦስት ቀን የምትቀረው እኩል ይቆጠራሉ። አገሩም ልዩ ልዩ ነው። ይህን ያስተዋለ ተማሪ መጠይቁን ከመጻፉ በፊት ሰው ልቁጠር ወይስ ቀን፣ ቃል ልቀበል ወይስ መዝገብ ልመርምር ብሎ ይወስናል። ያላስተዋለው ግን የማይነጻጸሩትን አነጻጽሮ ይጨርሳል።

እንግዲህ ንባቡ እንዴት ይካሄድ?

1ኛ፤ ትርጉሙን መያዝ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ትርጉም ነገሩ ሞዴስ ማግኘት ብቻ አይደለም፤ ንጹሕ መጠቀሚያ፣ ተሸሽጎ የሚለውጡበት ሥፍራ፣ ሳሙናና ውሃ፣ እንዲሁም ያገለገለውን ማስወገጃ ያስፈልጋል። ያነበብነውን ሁሉ በእነዚህ ብንለይ የትኛው በብዛት እንደ ተጠና፣ የትኛው እንደ ተረሳ ይታያል።

2ኛ፤ ፍለጋውን በሥርዓት ማድረግ። ፐብሜድንና ጉግል ስኮላርን በአንድ ቃል ብቻ ፈልጎ መተው አይበቃም። የየዩኒቨርሲቲዎቻችንን የመመረቂያ ጽሑፎችም ማየት ይገባል። የፈለግንበትን ቃልና ቀን እንመዝግብ፤ ሌላ ሰው መንገዳችንን ተከትሎ ሊመጣ ይገባዋልና።

3ኛ፤ በሠንጠረዥ ማስፈር። ቦታው፣ ዘመኑ፣ የተጠየቁት እነማን እንደ ሆኑ፣ ምን እንደ ተለካና በምን እንደ ተለካ በየረድፉ ይግባ። የኔፓልና የኢትዮጵያ ልዩነት ወዲያው የሚታየው በዚህ ነው።

4ኛ፤ ቁጥርን እስከ ምንጩ መከተል። «ከአፍሪካ ሴት ተማሪዎች ከ10 አንዷ በወር አበባ ምክንያት ከትምህርት ትቀራለች» የሚለው ቃል በብዙ ጽሑፍ ይገኛል፤ አንዱ ለዩኔስኮ፣ ሌላው ለዩኒሴፍ ይሰጠዋል። ምንጩ ሲፈለግ ግን አንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ይመራል እንጂ ቁጥሩ ከተሠራበት ጥናት አያደርስም። ስለዚህ ጠቃሹን ጠቅሰን አንለፍ፤ ዋናውን ጽሑፍ እናንብብ።

5ኛ፤ ክፍተቱን ማወቅ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ክለሳ በልዩ ልዩ አገሮች የተሞከሩትን ርዳታዎች መርምሮ ለመመዘኛው የበቁ 8 ጥናቶችን ብቻ አገኘ፤ ማስረጃውም ገና በቂ አይደለም አለ። በዚያው ዓመት ከምዕራብ ኬንያ የታተመ ሙከራ ደግሞ ሞዴስም ሆነ የወር አበባ ኩባያ መስጠት ትምህርት ማቋረጥን እንዳልቀነሰ፣ የአባላዘር በሽታ ግን በተሰጣቸው ልጃገረዶች ዘንድ አንሶ እንደ ተገኘ አሳይቷል። ጥቅሙ የሚታየው ባልጠበቅነው በኩል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከትምህርት ቤት ውጪ ያሉት፣ አካል ጉዳተኞችና ተፈናቃዮችስ? ስለነርሱ የተጻፈውን ለይተን እንፈልግ።

ይህ ሁሉ ድካም ለማዕረግ ወይም ለመምህር ደስታ አይደለም። የምንጠይቃት ልጅ ምናልባት ለእናቷ እንኳ ያልነገረችውን ታወጣልናለች። መልሱ አስቀድሞ የታወቀውን ነገር ደግመን ብንጠይቃት ምስጢሯን በከንቱ ወሰድን ማለት ነው። በጥናታችን ተመርቶ ውሃና በር ያለው መጸዳጃ ቤት በሌለበት ትምህርት ቤት ሞዴስ ብቻ ቢታደል ደግሞ የምትጎዳው እርሷው ነች።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለእኛም ይሠራል። መጠይቁ ጥቂት ሳምንት ይቆየን፤ አስቀድመን እናንብብ።