ምዕራፍ ዘጠኝ፦ የወርቅ ቅብና የብር ማጥቆር ሥራ

ሀ. የትምህርቱ ዓላማ

ተማሪዎች ይህን ትምህርት ከጨረሳችሁ በኋላ አንድ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ድርሰት ለመጻፍ፣ አድራጊና ተደራጊ ግሥንም እየለያችሁ በተገቢው ቦታ ለመጠቀም ትችላላችሁ።

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ፣ ቀጥሎም ድምፅ እያሰማችሁ አንብቡ። በውስጡ የተገለጹት ሥራዎች መርዛም ነገሮች ስላሉባቸው በቤትም ሆነ በትምህርት ቤት አይሞከሩም።

አንጥረኛ አንድን ጌጥ ቀጥቅጦና ቀርጾ ከጨረሰ በኋላም ሥራው ገና አላለቀም፤ ገጹን ማሳመር ይቀረዋል። ለዚህም ከጥንት ጀምሮ በልዩ ልዩ አገሮች የተለመዱ ሁለት ዐይነት ጥበቦች አሉ። አንደኛው ዋጋው አነስተኛ በሆነ ማዕድን ላይ ወርቅ ማልበስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ማዕድኑ ራሱ መልኩን እንዲለውጥ ማድረግ ነው።

ወርቅ ለማልበስ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው ዘዴ የእሳት ቅብ ነው። በመጀመሪያ ወርቁ ተቀጥቅጦ እንደ ቅጠል ይሳሳና ይቆራረጣል። ከዚያም በጋለ ሸክላ ውስጥ ከባዜቃ ጋር ይዋሐዳል፤ ለ1 እጅ ወርቅ እስከ 8 እጅ የሚደርስ ባዜቃ ይገባል። ውሑዱ ሲቀዘቅዝ በለፋ ቆዳ ተጠቅልሎ ይጨመቃል፤ ትርፉ ባዜቃ በቆዳው ቀዳዳዎች ይወጣና እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነገር ይቀራል። ቀጥሎ የብሩ ወይም የመዳቡ ጌጥ ቅባትና እድፍ እንዳይኖርበት በአሲድ ይታጠባል፤ ውሑዱም በላዩ ላይ እኩል ይቀባል። በመጨረሻ ጌጡ በከሰል እሳት ላይ ይያዛል። በ357 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ባዜቃ ተንኖ ሲሄድ ወርቁ ከጌጡ ገጽ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ወርቁ ገና ፈዛዛ ነው፤ የሚያንጸባርቀው እንደ አጌት ባለ ጠንካራና ልሙጥ ድንጋይ ከተወለወለ በኋላ ነው። ሎሬንዞ ጊቤርቲ ለፍሎሬንስ ከተማ ክርስትና ቤት የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1452 የተፈጸመው ዝነኛ የነሐስ በር ወርቅ የለበሰው በዚህ ዘዴ ነው።

ይሁን እንጂ ተንኖ የሄደው ባዜቃ አልጠፋም። ዐይን የማያየው፣ አፍንጫም የማያሸተው ተን ሆኖ ወደ ሠራተኛው ሳንባ ይገባል። እጅን ያንቀጠቅጣል፤ ድድን ያቆስላል፤ የማስታወስን ኀይል ያዳክማል። የፍሎሬንሱ ወርቅ ሠሪ ቤንቬኑቶ ቼሊኒ እ.ኤ.አ. በ1568 በታተመው የወርቅ ሥራ መጽሐፉ ባዜቃ የቀቢዎችን ዕድሜ እንደሚያሳጥር ገልጾ፣ ታላላቅ ባለሙያዎች ይህን ሥራ በገዛ እጃቸው እንዳይሠሩ፣ ሥራዬ ብለው ለያዙት ሌሎች እንዲተዉት መክሯል። ምክሩ አደጋውን ከጌታው ወደ ሌላው ሠራተኛ አዛወረው እንጂ አላስወገደውም።

እ.ኤ.አ. በ1840 በእንግሊዝ አገር ኤልኪንግተን የተባሉ ባለሙያዎች በኤሌክትሪክ የመለበጥን ዘዴ በስማቸው አስመዘገቡ፤ የእሳት ቅብም እየቀረ ሄደ። አዲሱ ዘዴ ከባዜቃ ቢገላግልም የሚሠራው ሲያናይድ በተባለ ሌላ መርዝ በመሆኑ ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ባዜቃም ሆነ ኤሌክትሪክ ሳይኖር ወርቃማ ገጽ የሚገኝበት መንገድም አለ። ስፔናውያን ከመድረሳቸው በፊት በደቡብ አሜሪካ፣ በአንዲስ ተራሮች አካባቢ የኖሩ ባለሙያዎች ወርቅና መዳብ ቀይጠው ጌጥ ይሠሩ ነበር። ቅይጡ በእሳት ሲግል በገጹ ላይ ያለው መዳብ ይጠቁራል፤ ጥቁሩም በኮምጣጣ ፈሳሽ ታጥቦ ይወገዳል። ይህ ሲደጋገም መዳቡ ከገጹ እየለቀቀ ይሄድና በላይ የሚታየው ወርቁ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ወርቅ ከውጭ የተቀባ ሳይሆን ከውስጥ የተገለጠ ነው።

በአገራችን አንጥረኞች እያቀለጡ መስቀልና አምባር ሲሠሩበት የኖሩት የማርያ ቴሬዛ ብርም ቅይጥ ነው፤ ከ1,000 እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። እንዲህ ያለው ቅይጥ ሲግል ይጠቁራል፤ በአሲድ ሲነከር ደግሞ መዳቡ ከገጹ ለቆ ነጩ ብር ይወጣል። የአንዲሱ ወርቅና ይህ ብር የሚገዙበት ሕግ አንድ ነው።

ብርን አውቆ ማጥቆር ደግሞ የድኝ ሥራ ነው። የብር ማንኪያ በእንቁላል የሚጠቁረው በእንቁላል ውስጥ ድኝ ስላለ ነው። ባለሙያው ድኝና ፖታሽ አንድ ላይ ሲያቀልጥ ጉበት የሚመስል ጓል ያገኛል። ጓሉ በሙቅ ውሃ ይሟሟል። ጌጡ ሲነከርበት መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያም ሰማያዊ፣ በመጨረሻም ጥቁር ይሆናል። የተፈለገው መልክ ሲገኝ ጌጡ ወጥቶ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። ከዚያ ከፍ ከፍ ያለው ክፍል ሲወለወል ይነጣል፤ ጎድጓዳው ግን እንደ ጠቆረ ስለሚቀር የተቀረጸው ሐረግ ጎልቶ ይታያል። ይህ ፈሳሽ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ መርዛም ጋዝ ያወጣል።

አሮጌ የብር ጌጥ በዘመን ብዛት የሚያገኘውም ጥቁረት ከዚሁ የመጣ ነው። እድፍ መስሎት ፈትጎ የሚያስለቅቀው ሰው ከጥቁረቱ ጋር የቅርጹን ጉልህነት ያጠፋዋል።

ሐ. የቃላት ፍቺ

ባዜቃ፦ በተለመደው የአየር ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ የሚገኝ፣ ብር የሚመስል ማዕድን።
ቅይጥ፦ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ማዕድናት ቀልጠው የተደባለቁበት።
ወለወለ፦ እያሸ አጠራ፣ አብረቀረቀ።
ለበጠ፦ አንዱን ነገር በሌላ ሸፈነ፣ አለበሰ። «የለበጣ ሳቅ» ስንል ከላይ የሚታይ፣ ከልብ ያልመነጨ ሳቅ ማለታችን ነው።

መ. ሰዋስው፦ አድራጊና ተደራጊ ግሥ

የእሳት ቅብ አሠራር በምንባቡ የተገለጸው በአብዛኛው በተደራጊ ግሥ ነው። ይቆራረጣል፣ ይጨመቃል፣ ይያዛል የሚሉትን ተመልከቱ። ተደራጊ ግሥ በኀላፊ ጊዜ በመነሻው «ተ»ን ይጨምራል፦ ለበጠ፣ ተለበጠ። በትንቢት ጊዜ ግን «ተ» ትዋጥና የግሡ የመጀመሪያ ፊደል ይጠብቃል፦ ይለብጣል፣ ይለበጣል። «ይቀባል» የሚለው ቃል ለሁለቱም በአንድ ዐይነት ይጻፋል፤ «ቀ» ላልቶ ሲነበብ አድራጊ፣ ጠብቆ ሲነበብ ተደራጊ ነው።

አሠራርን የሚገልጽ ድርሰት ተደራጊ ግሥን የሚያዘወትረው ማንም ቢሠራው ቅደም ተከተሉ ስለማይለወጥ ነው። ይሁን እንጂ ተደራጊ ግሥ ሠሪውን ይደብቃል። የሚከተሉትን አነጻጽሩ፦

1. ጌጡ በእሳት ላይ ተያዘ፤ ባዜቃውም ተነነ።
2. ሠራተኛው ጌጡን በእሳት ላይ ያዘ፤ የባዜቃውንም ተን ሳበ።

ሁለቱም እውነት ናቸው። የሥራውን ቅደም ተከተል ብቻ ለሚጠይቅ አንባቢ የመጀመሪያው ይበቃዋል። በሥራው ማን እንደ ተጎዳ የሚያሳውቀው ግን ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ጉዳት፣ ኀላፊነት ወይም ምስጋና በሚነገርበት ቦታ የድርጊቱን ባለቤት በግልጽ ጻፉ።

ሠ. ጥያቄዎች

1. በእሳት ቅብ ጊዜ ጌጡ ውሑዱ ከመቀባቱ በፊት በአሲድ የሚታጠበው ለምንድን ነው?
2. የቼሊኒ ምክር ለማን ጠቀመ? ማንንስ አልጠቀመም?
3. የአንዲስ ባለሙያዎች ዘዴ ከእሳት ቅብ በምን ይለያል?
4. ከምንባቡ አምስት ተደራጊ ግሦችን አውጡና ወደ አድራጊ ለውጧቸው።
5. «ጌጡ ተወለወለ፤ ገዢውም ተደሰተ» የሚለውን፣ የወለወለው ሰው እንዲታወቅ አድርጋችሁ እንደ ገና ጻፉት።

ረ. ድርሰት

በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ የእጅ ባለሙያ፣ አንጥረኛ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ ወይም ቆዳ ፋቂ ሲሠራ ተመልከቱ። የሥራውን ቅደም ተከተል በመጀመሪያ፣ ቀጥሎ፣ ከዚያም፣ በመጨረሻ በሚሉት ቃላት እያያያዛችሁ በሁለት አንቀጽ ግለጹ። በሦስተኛው አንቀጽ ሥራው በባለሙያው ጤና ላይ የሚያስከትለውን ችግር፣ ባለሙያው ራሱ እንደ ነገራችሁ አድርጋችሁ ጻፉ፤ በዚህኛው አንቀጽ አድራጊ ግሥን ተጠቀሙ።