የቤት ፕላንና የዕቃው መንገድ

ብዙ ሰዎች አንድ ሕንፃ የሚጀመረው መሠረቱ በተቈፈረበት ቀን ይመስላቸዋል። ነገሩን በሚገባ ለተመለከተው ግን ሕንፃው የተጀመረው መሐንዲሱ በወረቀት ላይ የመጀመሪያውን መስመር ባሰመረ ጊዜ ነው። ድንጋዩ ከየትኛው ተራራ እንደሚፈለጥ፣ ብረቱ ምን ያህል ባሕርና በረሃ እንደሚያቋርጥ፣ ስንት ዛፍ እንደሚቈረጥ፣ አብዛኛው የሚወሰነው ያን ጊዜ ነው። እኔም በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት ያሰብሁት ይህንኑ ነው፤ ይኸውም የሕንፃ ዕቃን መቈጠብና የተፈጥሮን ሀብት መጠበቅ ከገበያውና ከሥራው ቦታ አስቀድሞ በፕላኑ ጠረጴዛ ላይ መጀመር እንዳለበት ነው።

አንድ ዕቃ ከተፈጥሮ ቦታው ተነሥቶ ግድግዳ ወይም ጣራ እስኪሆን ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ የሙያው ሰዎች የአቅርቦት ሰንሰለት ይሉታል። ድንጋይ ፈላጩ፣ ፋብሪካው፣ የጭነት መኪናው ሾፌር፣ ነጋዴውና ግንበኛው እንደ ቀለበት የተያያዙ ስለሆኑ ሰንሰለት መባሉ ተገቢ ነው። ዘላቂ የሚባለውም ሰንሰለት ዛሬ ለሚሠራው ሰው እያገለገለ፣ ነገ ለሚሠራው ደግሞ ደኑን፣ አፈሩን፣ ውሃውንና አየሩን ሳያበላሽ የሚቈይ ነው። የላሊበላ ጠራቢዎች በዚህ ረገድ ከሁሉ የበለጠ ዕድለኞች ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ድንጋዩን ወደ ሕንፃው ማጓጓዝ ቀርቶላቸው ሕንፃውን ከድንጋዩ ውስጥ አወጡት። ለእኛ ግን ይህ አልተሰጠንም።

የዕቃው መንገድ ሳይታሰብ ሲቀር ምን እንደሚደርስ ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ሕዝቡ በፍጥነት ስለ በዛ፣ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ የሚሆነው ዛፍ በዙሪያዋ ካሉት ተራሮች እየተመናመነ ሄደ፤ እንጨቱም ከሩቅ መምጣት ግድ ሆነበት። ችግሩ ከመበርታቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋናውን ከተማ በስተ ምዕራብ ወደምትገኘው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ሕንፃ ማሠራት ጀምረው ነበር። አሳቡ እንዲቀር ካደረጉት ምክንያቶች አንዱና ዋናው ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ተቈርጦም ከጕቶው እንደገና ያቈጠቍጣል። ባሕር ዛፍ ውሃ አብዝቶ በመጠጣቱ የሚወቀስ ዛፍ መሆኑን አልረሳሁም። ይሁን እንጂ አንድ ታላቅ ከተማ በማገርና በማገዶ እጦት ምክንያት ቦታዋን ለመልቀቅ ተቃርባ እንደ ነበረ ስናስብ፣ የዕቃ አቅርቦት የነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም።

አሁን ወደ ዘመናችን ቤት እንመለስ። በየከተማው የሚታየው ፎቅ የሚቆመው በሲሚንቶ፣ በአሸዋ፣ በጠጠርና በፌሮ ነው። ፌሮውን የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በአገራችን ቢኖሩም ጥሬ ብረቱ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ እየተገዛ ከባሕር ማዶ ይመጣል። ደግሞም ከማዕድን በድንጋይ ከሰል እሳት ለሚቀልጥ ለአንድ ቶን ብረት፣ ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል። እንግዲህ ይህን ያህል የተደከመበት ብረት ቍርጥራጩ በግቢው ጥግ ዝጎ ሲቀር ማን ይወቀስ? አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሰው ፌሮ ቈራጩ ነው። እኔ ግን ወቀሳው ወደ ፕላኑ መሄድ አለበት እላለሁ፤ ምክንያቴንም በቍጥር ላስረዳ።

ፌሮ በገበያ የሚሸጠው 12 ሜትር ርዝመት ሆኖ ነው። አንድ መሐንዲስ የክፍሉን ስፋት ሲያወጣ፣ ጫፉ የሚታጠፈውን ጨምሮ 6 ሜትር ከ50 የሚረዝም ብረት እንዲያስፈልግ አደረገ እንበል፤ እንዲህ ያለውም ብረት 40 ይፈለጋል። ከአንድ ፌሮ የሚወጣው አንድ ብቻ ነው፤ 5 ሜትር ከ50 ይተርፋል። ስለዚህ 40 ፌሮ ይገዛል፤ ትራፊው ሲደመር 220 ሜትር ይሆናል። የ16 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሜትር 1.58 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ትራፊው ከ347 ኪሎ በላይ፣ ማለት ሦስት ኩንታል ተኩል ያህል ነው። መሐንዲሱ ክፍሉን በግማሽ ሜትር አጥብቦ ብረቱን 6 ሜትር ቢያደርገው ኖሮ 20 ፌሮ ይበቃ ነበር፤ ቍርጥራጭ የሚባል ነገርም አይኖርም። ክፍሉ ግማሽ ሜትር ቢጠብ ምን ይጐድለዋል? ምናልባት ለአንድ ወንበር የሚሆን ቦታ። ስፋቱ የግድ አስፈላጊ ከሆነ ደግሞ ያ 5 ሜትር ከ50 ትራፊ ለደረጃው ወይም ከበርና ከመስኮት በላይ ለሚውለው ኮንክሪት እንዲሆን አስቀድሞ በፕላኑ ላይ ሊታሰብ ይችላል። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ግን ይህን የሚያስብ አይገኝም፤ ሁሉም ይቸኵላል።

ብሎኬትም እንደዚሁ ነው። ርዝመቱ 40፣ ከፍታው 20 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 3 ሜትር ከ60 የሆነ ግድግዳ በአንዱ ረድፍ ልክ 9 ብሎኬት ይወስዳል። ግድግዳው 3 ሜትር ከ70 ከሆነ ግን 9 ብሎኬትና ሩብ ይፈልጋል፤ ግንበኛው ሩቡን ለማግኘት በመዶሻ ሲሰብር ብዙው ፍርስራሽ ሆኖ ይቀራል። እንዲሁም የፎቆቹ ከፍታ እኩል ቢሆን ኮንክሪቱን የሚደግፈው የባሕር ዛፍ አጣና ከታች ወደ ላይ እየተዛወረ ያገለግላል፤ አንዱ ፎቅ 3 ሜትር፣ ሌላው 3 ሜትር ከ40 ከሆነ አጣናው አጭር ስለሚሆን ሌላ ይገዛል፤ ሌላ ዛፍም ይቈረጣል።

ስለ ሲሚንቶ ለመናገር ጥቂት ኬሚስትሪ ያስፈልጋል። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ፣ ወደ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ትኵሳት ተቃጥሎ ነው። በክፍል እንደ ተማርነው ካልሲየም ካርቦኔት በእሳት ሲግል ወደ ካልሲየም ኦክሳይድና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለያያል፤ ከ100 ኪሎው 56 ኪሎ ኖራ ሆኖ ሲቀር 44 ኪሎው ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው፣ ይህ ጋዝ ከማገዶው ጢስ ሌላ መሆኑን ነው፤ የሚወጣው ከራሱ ከድንጋዩ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ትኵሳቱን ሁሉ ከውሃ ኀይል ወይም ከፀሐይ ቢያገኝ እንኳ ጋዙ አይቀርም። የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶው 7 ወይም 8 እጅ የሚሆነው ከሲሚንቶ ሥራ ይመጣል ይባላል።

የመድኀኒቱ ከፊል በአገራችን ምድር አለ። በስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ ካፈሰሰው ድንጋይ አንዱ የሆነው ፑሚስ ተፈጭቶ ከሲሚንቶው ጋር ሲደባለቅ ከተቃጠለው ድንጋይ ከፊሉን ይተካል። በገበያ ፒፒሲ ተብሎ የሚሸጠው ሲሚንቶ ከዚህ ዐይነት ድብልቅ የሚሠራ ነው። ጥንካሬውን ቀስ በቀስ ስለሚያገኝ ድጋፉ ቶሎ መነሣት የለበትም እንጂ፣ ለተራ ግንብና ለልስን፣ በሚገባ ከተሰላም ለብዙ ኮንክሪት ሥራ ይበቃል። ዳሩ ግን መሐንዲሱ ሳያስፈልገው ለሁሉም ሥራ ኦፒሲ ብሎ ከጻፈ፣ ተቋራጩ ሌላ ለማምጣት አይደፍርም። ሦስት ፊደል ናት፤ ነገር ግን ስንት መኪና ሲሚንቶ ትከተላለች!

ከዕቃው ተነሥቶ ፕላን ማውጣት እንደሚቻል በሥራ ካሳዩት ሰዎች አንዱ አፍሪካዊ ነው። ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ በምትባል መንደር ተወልዶ በበርሊን የሥነ ሕንፃ ትምህርት የተማረ ሲሆን፣ ገና ተማሪ ሳለ ለመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት ለማሠራት ገንዘብ መሰብሰብ ጀመረ። ትምህርት ቤቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ተፈጸመ። ኬሬ በመጀመሪያ የጠየቀው በጋንዶ ምን ይገኛል ብሎ ነው። የሚገኘው ሸክላ አፈር ነበረ። የመንደሩ ሰዎች ግን የጭቃ ቤት በዝናብ ሲፈርስ አይተዋልና አሳቡን አልወደዱትም። እርሱም በአፈሩ ላይ ጥቂት ሲሚንቶ ጨምሮ በመጭመቂያ ጡብ አሠራ፤ ዝናቡ ግድግዳውን እንዳይመታውም የቆርቆሮውን ጣራ ከግድግዳው አርቆ ዘረጋው። ጣራው ከኮርኒሱ ከፍ ብሎ ስለ ተሠራ በመካከል ነፋስ ያልፋል፤ ሙቀቱንም ይወስዳል። የሚያስደንቀው ደግሞ ጣራውን የተሸከመው ነገር ነው። ትልልቅ ብረት ከሩቅ ማጓጓዝና በክሬን ማንሣት ስለማይቻል፣ እንደ እኛው ፌሮ ያለ ቀጭን ብረት በመጋዝ ተቈርጦና በትንሽ መበየጃ ተያይዞ በመንደሩ ሰዎች እጅ ተሠራ። ዕቃው ፕላኑን መራው እንጂ ፕላኑ ዕቃውን አላስጨነቀውም። ኬሬ በዚህ ሥራ በ2004 የአጋ ኻን ሽልማትን አገኘ፤ በ2022ም በሥነ ሕንፃ ከፍተኛ የሆነውን የፕሪትዝከር ሽልማት ከአፍሪካውያን ሁሉ ቀድሞ ተቀበለ።

ይህን ስል ሁሉም ቤት በጭቃ ይሠራ ማለቴ እንዳይደለ አንባቢ ይረዳልኝ። ፎቅ ያለ ብረት አይቆምም። የማይገባኝ ግን ቀኑ በማያቃጥልበት በአዲስ አበባ ፊቱ በሙሉ መስተዋት የሆነ ሕንፃ መሥራት ነው፤ መስተዋቱ ከውጭ ይመጣል፣ ፀሐይዋ በመስተዋቱ ገብታ ውስጡን ታግላለች፣ ከዚያ በኋላ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ደግሞ ከውጭ ይገዛል።

በአገራችን ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሠሩትና የሚታደሱት ወላጆች በሚያዋጡት ገንዘብና ጕልበት ጭምር ነው። ስለዚህ ነገሩ ለወላጆቻችንም የቀረበ ነው፤ ከላይ ያሰላነው ሦስት ኩንታል ተኩል ብረት የሚገዛው ከዚያው መዋጮ ነውና። ፕላኑ ሲቀርብ ከዋጋው ዝርዝር አጠገብ ዕቃው ከየት እንደሚመጣና በምን ያህል ርዝመት እንደሚሸጥ የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ቢጨመር መልካም ይመስለኛል። ዝርዝሩም ግንበኛ ከመቀጠሩ በፊት በወላጆች ስብሰባ ላይ ይነበብ። በአቅራቢያው ጥሩ ድንጋይ የት እንደሚፈለጥ፣ የትኛው ወንዝ አሸዋው ተዝቆ ዳርቻው እንደ ተናደ፣ ማን ያረጀ ቆርቆሮና በር ሳይሸጥ እንዳስቀመጠ ከአካባቢው ሰው የበለጠ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ብዙው መስመር በዚያው ዕለት ሊታረም ይችላል።