የፒሳ ግንብና የጭቃ ሒሳብ

በኢጣልያ አገር ዘመም ብሎ የቆመውን የፒሳ ግንብ በሥዕል ያላየ ተማሪ ጥቂት ነው። ሥራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1173 ተጀመረ፤ ጥቂት ፎቅ ከተሠራ በኋላ ግን ወደ 100 ዓመት ያህል ተቋረጠ። መሐንዲሶች መርምረው እንደ ተረዱት፤ ሥራው ሳይቋረጥ ቢቀጥል ኖሮ ግንቡ በወደቀ ነበር። ያዳነው ከሥሩ ያለው ለስላሳ ሸክላ አፈር ለመጠንከር ጊዜ ማግኘቱ ነው።

ጊዜ ለምን አስፈለገው? በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት በውሃ የተሞላ ስለ ሆነ ነው። አንድ ሲሊንደር እናስብ፤ በውስጡ ሞላና ውሃ አለ፤ ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ባለው ፒስተን ተከድኗል። በፒስተኑ ላይ ድንጋይ ብንጭን በመጀመሪያ ሸክሙን የሚችለው ውሃው ነው። ውሃው በቀዳዳው እየወጣ ሲሄድ ሸክሙ ቀስ በቀስ ወደ ሞላው ይዛወራል፤ ፒስተኑም ይወርዳል። ሞላው የአፈሩ ቅንጣቶች ምሳሌ ነው። የሸክላ አፈር ቀዳዳ ደግሞ እጅግ ጠባብ ነው።

ካርል ቴርዛጊ የተባለው መሐንዲስ በኢስታንቡል ሲያስተምር ይህን ነገር በሒሳብ መረመረ፤ በ1925ም በመጽሐፍ አወጣው። ቀመሩ ሙቀት በብረት ውስጥ የሚተላለፍበትን ቀመር ይመስላል፤ በሙቀቱ ፋንታ የውሃ ግፊት ገብቷል። ከዚህም የሚከተለው ይገኛል፦

ጊዜ = 0.848 × መንገድ × መንገድ ÷ ፍጥነት

«ጊዜ» ከጠቅላላው ስምጠት 90 በመቶ የሚፈጸምበት ነው። «መንገድ» ውሃው ለመውጣት የሚሄደው ከሁሉ የረዘመ ርቀት ነው። «ፍጥነት» ያልነው አፈሩ የሚጨመቅበት መጠን ሲሆን፤ በላቦራቶሪ ተለክቶ በካሬ ሜትር በዓመት ይነገራል።

ውፍረቱ 4 ሜትር፤ ፍጥነቱ 2 የሆነ ሸክላ አፈር በአለት ላይ ተኝቷል እንበል። ውሃው ወደ ላይ ብቻ ስለሚወጣ መንገዱ 4 ሜትር ነው፤ 0.848 × 16 ÷ 2 = 6.8 ዓመት ገደማ። በአለቱ ፋንታ አሸዋ ቢኖር ውሃው በሁለቱም በኩል ይወጣል፤ መንገዱም 2 ሜትር ይሆናል፤ 0.848 × 4 ÷ 2 = 1.7 ዓመት። እኔ በመጀመሪያ መንገዱ በግማሽ ሲያጥር ጊዜውም በግማሽ የሚያጥር መስሎኝ ነበር፤ ሩብ ሆኖ ባገኘው ጊዜ ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ደገምሁት።

ስለዚህ የዛሬ መሐንዲሶች 100 ዓመት አይጠብቁም። በሸክላው ውስጥ በየጥቂት ሜትሩ ጉድጓድ ቆፍረው አሸዋ ይሞሉበታል፤ ውሃውም ወደ ጎን በአጭር መንገድ ይወጣል።

አሁን አለት ላይ የተኛውን፤ ውፍረቱ 8 ሜትር የሆነውን ራሳችሁ ሞክሩት። ፍጥነቱ ያው 2 ይሁን። ከ27 ዓመት ትንሽ የሚበልጥ ካገኛችሁ ትክክል ነው።