የልጅ ልጅ በማን መታወቂያ ይታከም?

ባለፈው ክረምት ደብረ ታቦር ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት ባልቴት ትኩሳት የያዘውን የልጅ ልጃቸውን አዝለው ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ሸኘኋቸው። የጤና መድህን መታወቂያ አላቸው፤ የልጁ ስም ግን አልሰፈረበትም። «እናቱ ስትመጣ ታስመዘግበዋለች ብዬ ነው» አሉኝ። እናቱ ዓረብ አገር ከሄደች 4 ዓመት ሆኗታል። ያን ቀን ከመቀነታቸው ፈትተው ከፈሉ።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከደቡብ ጎንደር ፎገራ አንዱ ነበር። ምዝገባው በቤተሰብ ነው፤ በየዓመቱ ይታደሳል። መክፈል ለማይችሉ ድኾች መንግሥት መዋጮውን ይሸፍናል። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ መመዘኛው ድህነት እንጂ የቲምነት አይደለም። አያት ካላስመዘገበች ማንም አያስታውሰውም።

የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ወላጆች የሞቱበትን ልጅ ሞግዚትነት በቅድሚያ ለአያቶች ይሰጣል። እናት በሕይወት እያለች ስትሰደድ ግን አያት ያለ ወረቀት አሳዳጊ ሆና ትቀራለች። ይህ ነው የሚያሳስበኝ፤ በየሰፈራችን ያለው በአብዛኛው እንዲህ ያለው ነውና።

ጡረታውም እንዲሁ ነው። ጡረተኛ አያት ሲሞት አበሉ ለሚስቱ፣ ለልጆቹና ለወላጆቹ ይተላለፋል፤ የልጅ ልጅ ከዝርዝሩ የለም።

ባልቴቷ መታወቂያቸውን ሊያሳድሱ ሲሄዱ ልጁን አስከትለው፣ ፎቶግራፉንም ይዘው ነበር።